ሰፊው መንገድና ልብስ ሰፊው

በመንገድ መሐንዲስነት ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልሞላኝም ነበር። የአንዲት ትንሽ ከተማ ዋና ጎዳና «ይሻሻል» ተብሎ ፋይሉ ጠረጴዛዬ ላይ ዱብ አለ። ጎዳናው ባለ አራት ሌን፣ ማለትም ባለ አራት የመኪና መስመር ነው። እያንዳንዱ ሌን 3.65 ሜትር፣ በድምሩ 14.6። ከተማዋን ለሁለት ይሰነጥቃታል። ግራና ቀኙ ሱቅ ነው፤ ብዙው ዝግ።

የእኔ መፍትሔ አጭር ነበር። የፍጥነት ወሰኑን ከ50 ወደ 30 አወረድኩ፣ አዳዲስ ምልክቶች አስተከልኩ፣ አለቀ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና፣ ሹፌሩ አይቶ ፍሬን ይዞ እስኪቆም 35 ሜትር ገደማ ይፈጃል። በ30 ከሆነ 18 ይበቃዋል። ይህን ሪፖርቴ ላይ በደማቁ ጽፌ «ጎበዝ» ተብያለሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የፍጥነት መለኪያ ይዤ ውጤቴን ለማየት ሄድኩ። አንድ ልብስ ሰፊ ደጃፍ ቆምኩ። 52። 49። 55። አንዱማ ምልክቱ ሥር 61 ሆኖ አለፈ። መሣሪያው የተበላሸ መስሎኝ አጥፍቼ አበራሁት። ያው ነው።

ሽማግሌው ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ «ስንት ይላል?» አሉኝ።

«ሃምሳ ሁለት፣ ጋሼ።»

«ምልክቱን ያስተከልከው አንተ ነህ?»

«ነኝ» አልኩ፣ ድምፄ ቀነስ ብሎ።

«ልጄ፣ መንገዱ ራሱ ሩጥ እያለ ምልክቱ ቀስ በል ቢል ማን ይሰማዋል? ይሄ ለቀጭን ሰው የተሰፋ ሰፊ ኮት ነው። ቁልፍ ብትደረድርበት አይጠብም። ጎኑን አስገባው።»

አፈርኩ። 3.65 ሜትር እኮ ለአውራ ጎዳና የሚመች ስፋት ነው። ሹፌሩ ምን ያድርግ? ፊቱ ሜዳ ነው። በዚያው ቅጽበት አንዲት እናት ምርኩዝ ይዘው መሻገር ጀመሩ። ሰዓቴን አየሁ፤ 19 ሰከንድ። የእኔ ስሌት 12 ይላል። የተማርኩት የእግረኛ ፍጥነት በሰከንድ 1.2 ሜትር ነዋ!

ቢሮ ተመልሼ ሌላ ሥዕል ሠራሁ። በየአቅጣጫው አንድ ሌን፣ መሐል ላይ መታጠፊያ ሌን፣ ሦስቱም 3 ሜትር። የተረፈው 5.6 ሜትር በሁለቱ ጎን ለመኪና ማቆሚያና ለእግረኛ። የእግረኛ ማቋረጫው ላይ፣ መሐል፣ ሰው ቆም የሚልበት ደሴት አለ፤ ስለዚህ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሚሻገረው 3 ሜትር ብቻ ነው። አለቃዬ «ትራፊኩ ይታነቃል» አለ። አሜሪካ ውስጥ ባለ አራት ሌን ጎዳናዎች እንዲህ ወደ ሦስት ሲወርዱ አደጋ ከ19 እስከ 47 በመቶ መቀነሱን የፌዴራል አውራ ጎዳና አስተዳደራቸው እንደሚገልጽ አሳየሁት። በቀለም፣ በኮንና በአበባ ሳጥን ለአንድ ወር እንድንሞክረው ፈቀደ። በግማሽ ልብ።

በሁለተኛው ቀን መለኪያዬን ይዤ ሄድኩ። 33። 29። 36። ጋሼ የስፌት መኪናቸውን አውጥተው ቀለም የቀባነው ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ሁለት ወንበር፤ ሁለቱም ላይ ሰው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ለሙከራ ነው» አልኳቸው።

«ፕሮቫ ነዋ!» አሉ፣ መርፌውን ከአፋቸው አውጥተው። «ደህና ገጥሟል። እዚያ ብብቱ ጋ ብቻ ትንሽ ይይዛል።» በአገጫቸው ጥጉን አሳዩኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

በማግስቱ ማለዳ ዕቃ የጫነ መኪና እዚያው ጥግ ላይ ሲታጠፍ የአበባ ሳጥናችንን ጨፈለቀው። አፈሩ አስፋልቱ ላይ ተበትኖ፣ አለቃዬ ከላዩ ቆሞ ዝም ብሎ ያየኛል። ጥጉን አጥብቤው ነበር፤ መኪኖች ቀስ ብለው እንዲታጠፉ።

«በቃ፣ ጥጉን መልሰህ አስፋው» አለኝ። ልሰማው ምንም አልቀረኝም። ግን ለአንድ ከባድ መኪና ተብሎ ከሰፋ ትንንሾቹም እዚያው ጥግ ላይ እየበረሩ መታጠፋቸው ነው። ስለዚህ ጥጉን ሳልነካ፣ ከባዱ መኪና ታጥፎ በሚገባበት መንገድ ላይ ያለውን የመቆሚያ መስመር አጥፍቼ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ አስቀባሁት። ከፊት የሚመጡት ራቅ ብለው ሲቆሙ ከባዱ መኪና በእነሱ ሌን በኩል ዞር ብሎ ይገባል።

በነጋታው ያው መኪና መጣ። ቀስ ብሎ፣ ሰፋ አድርጎ ዞረ። አዲሱን ሳጥን አልነካም። ጋሼ ከመነጽራቸው በላይ አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ፔዳሉን ረግጠው ስፌታቸውን ቀጠሉ።