ልጅሽ ዳኛ ሆነች አሉ

ባለፈው ዓመት የሎው ሪቪያችንን የአባላት ዜና የምሰበስበው እኔ ነበርኩ። ሥራው ቀላል ነው። ለሁሉም ኢሜይል ይላካል፤ ማን የት ተቀጠረ፣ የማን ጽሑፍ ታተመ፣ ማን ዳኛ ዘንድ ሊሠራ ነው ተብሎ ይጠየቃል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር። የራሴ ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። «ከኦገስት ጀምሮ ለአንድ ዓመት በስቴት ፍርድ ቤት አንድ ዳኛ ዘንድ ሎው ክለርክ ሆና ትሠራለች።» በቃ፣ ይኸው ነው። (ኦገስት ያልኩት በፈረንጆቹ ነው። ለምን እንደምጠነቀቅ በኋላ ይገባችኋል።)

ሎው ሪቪው ማለት የሕግ ትምህርት ቤት መጽሔት ነው። እኛ አገር እንዲህ ያለውን መጽሔት በአብዛኛው የሚመሩት መምህራን ናቸው፤ በፈረንጆቹ ከ1964 ጀምሮ የሚወጣውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲውን የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔት ማሰብ ነው። አሜሪካ ግን አብዛኞቹን የሚያዘጋጁት ተማሪዎች ናቸው። ተማሪ የፕሮፌሰርን ጽሑፍ ይቀበላል፣ ይጥላል፣ ያርማል። ጉድ እኮ ነው። ለአጎቴ ሳስረዳ ኦባማ በፈረንጆቹ 1990 ሃርቫርድ ላይ ፕሬዚዳንት የሆነው በእንዲህ ያለ መጽሔት ነው አልኩት። ከዚያ በኋላ «ፕሬዚዳንቷ» ነው የሚለኝ።

እኔ የማታ ተማሪ ነበርኩ፣ አራት ዓመት። ቀን ቀን እዚሁ ዲሲ አካባቢ የስደተኞች ጉዳይ በሚይዝ ትንሽ የሕግ ቢሮ በአማርኛ አስተረጉማለሁ፣ ማታ ክፍል እገባለሁ። ወደ ሎው ሪቪው የሚያስገባው ውድድር ራይት-ኦን ይባላል። የዓመቱ ፈተና ሲያልቅ ሰው ሁሉ ሲተኛ፣ የተመዘገበ ሰው የወረቀት ክምር ይቀበላል። ከክምሩ ውጪ ምንም መፈለግ ክልክል ነው። ከውስጡ ክርክር አውጥቶ መጻፍ፣ ከዚያ ደግሞ ሆን ተብሎ የተበላሹ የግርጌ ማስታወሻዎችን በብሉቡክ ማረም አለ። ብሉቡክ የአጠቃቀስ ሕግ መጽሐፍ ነው፤ ነጠላ ሰረዝ የት እንደሚገባ ሳይቀር ይደነግጋል።

የመጀመሪያ ጊዜ ወደቅሁ። ንባቡን አልጠግብ አልኩና ጽሑፉን በመጨረሻው ሌሊት ጻፍኩ፣ እርማቱን ደግሞ ነካ ነካ አድርጌ ላክሁት። እርማቱ ትንሽ ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ ከባዱ ነጥብ እሱ ላይ ነው፤ ከገቡ በኋላ የሚሠራውም ያው እርማት ነዋ። በዓመቱ ስመለስ ከቢሮ አንድ ሳምንት ፈቃድ ወሰድኩ፣ እርማቱን መጀመሪያ ጨረስኩ፣ ጽሑፌንም አሳጠርኩት። ዓመቱን ሙሉ ብሉቡኩን አውቶቡስ ላይ አነብ ስለነበር የሚያዩኝ ሰዎች መጽሐፍ ቅዱስ ይመስላቸው ነበር። ገባሁ።

አባልነቱ ሲወራለት እንጂ ሲሠራ ክብር የለውም። ስልሳ የግርጌ ማስታወሻ ይሰጥሻል፤ የእያንዳንዱን ምንጭ ዋናውን ገጽ ፈልጎ ማውጣት፣ ጸሐፊው ያለው እውነት እዚያ ላይ አለ ወይ ብሎ ማየት ነው። አንድ ቀን የደረሰኝ ጽሑፍ ኢትዮጵያዊ ምሁር ይጠቅሳል። በብሉቡክ አሠራር ሁለተኛ ጊዜ ሲጠቀስ የቤተሰብ ስሙ ብቻ ይቀራል። ሰውየውን አበበ ከበደ እንበለው፤ ጽሑፉ ሁሉ «ከበደ እንዳለው» ሆኗል። ከበደ እኮ ምንም አላለም! ከበደ አባቱ ነው። ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ይህንን ስናገር ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ስድስት ወር ሙሉ ዝም ብዬ ተቀምጬ የተናገርኩት የመጀመሪያ ነገር ነው። ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። በመጨረሻ ሙሉ ስሙ ይጻፍ ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት ለኤዲተርነት ስወዳደር ብዙዎቹ የሚያስታውሱኝ «ያቺ ስለ ስሙ የተከራከረችው» ብለው ነበር።

እያንዳንዱ አባል የራሱን ጥናትም ይጽፋል። ሦስት ወር በከንቱ ያባከንኩት እዚህ ላይ ነው። ትልቅ የሚመስል ርዕስ መርጬ፣ ጀምሬ፣ ሌላ ሰው ቀድሞ እንደጻፈው ያወቅሁት ከሃያ ገጽ በኋላ ነው። ቀድሞ መፈተሽ የመጀመሪያው ቀን ሥራ እንጂ የመጨረሻው አይደለም። ተስፋ ቆርጬ ቢሮ ስመለስ ርዕሴ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ 2005 የወጣው የሪል አይዲ ሕግ፣ ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው ቃሉ ሲጋጭ፣ ግጭቱ የጉዳዩ እምብርት ባይሆንም እንኳ፣ ዳኛው እምነት ለማሳጣት እንዲጠቀምበት ይፈቅዳል። አሁን አንዱ የኛ ሰው «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መጡ» አለ እንበል። ማመልከቻው ላይ በትክክል ሁለት ሰዓት ተብሎ ተጽፏል። አስተርጓሚው ደግሞ ሳያስብ «በስምንት ሰዓት» ብሎ ይተረጉመዋል። ስድስት ሰዓት ተጋጨ። ቀኑ ይብሳል። ጥቅምት 2009 በፈረንጆች 2016 ነው፣ ጥር 2009 ግን 2017 ነው፤ አንዴ ሰባት፣ አንዴ ስምንት ይደመራል። ይህንን የሚያውቅ ሁሉ ተረጋግቶ አይደምርም፣ በተለይ የጥገኝነት መኮንን ፊት። ለዚያ ቃለ መጠይቅ ደግሞ እንግሊዝኛ የማይችል አመልካች አስተርጓሚ ይዞ የሚሄደው ራሱ ነው። 18 ዓመት የሞላውና ሁለቱን ቋንቋ የሚችል ከተገኘ፣ የጎረቤት ልጅም ይሆናል። እኔም በ19 ዓመቴ እንዲህ ነው የጀመርኩት። ስንቱን አበላሽቼ ይሆን?

ይህንን ጻፍኩት፣ ለኅትመትም ተመረጠ።

ወደ ሥራ ፍለጋው ስገባ ግን ብልህ አልነበርኩም። አስተርጓሚነቴን ከሲቪዬ ላይ አጥፍቼው ነበር። ሌሎቹ አባላት በትምህርት ዕረፍት ትልልቅ የሕግ ድርጅት ውስጥ ሲሠሩ፣ የኔው የሰፈር ሥራ መሰለኛ። ሃያ ማመልከቻ ላክሁ። ጸጥ አለ።

መንገድ ያሳየኝ ያው የአባላት ዜና ነው። የአስር ዓመቱን የቆዩ ዜናዎች አውጥቼ ተቀመጥኩ፤ ማን የትኛው ዳኛ ዘንድ ሠርቷል፣ ከዚያስ የት ደረሰ፣ አንድ በአንድ ጻፍኩ። ሰው ለእንኳን ደስ ያለህ ብቻ ነው የሚያነበው፣ ለኔ ግን ካርታ ሆነ። ለአምስት ሰዎች ጻፍኩ። ሥራ ስጡኝ አላልኩም፤ ዳኛው ምን ዓይነት ሰው ናቸው፣ ምን ይወዳሉ ነው ያልኩት። አራቱ መለሱ። አንዷ ሲቪዬን አይታ ስልክ ደወለችና «ጥናትሽ ስለ ትርጉም ነው፣ አንቺ ግን የት እንዳወቅሽው እዚህ ላይ የለም» አለችኝ። አፈርኩ። አስገባሁት። ቀጥሎ ከላክኋቸው አሥራ ስምንት ውስጥ ሦስት ዳኞች ጠሩኝ።

የቀጠሩኝ ዳኛ ስለ ውጤቴ አንድም ቃል አልጠየቁኝም። ሰዓታቸውን ከእጃቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አደረጉና «እስቲ አሁን ስንት ሰዓት ነው፣ በእናንተ?» አሉ። ጠዋት አራት ተኩል ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል ስለዚሁ አወራን፤ ለካ እሳቸውም ችሎት ላይ አስተርጓሚ በቆመ ቁጥር ይጨነቁ ኖሯል።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ክለርክ የሚለውን ቃል ሰምታ ፊቷ ጠቆረ። «ጸሐፊ? አራት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ አጥተሽ፣ ጸሐፊ?»

«አይደለም እማዬ፣ ለዳኛው ሕጉን የሚያጠና፣ ውሳኔ የሚያረቅቅ ነው። አገር ቤት እንዳለው ረዳት ዳኛ በይው።»

ተረጋጋች። ቡናዋን ቀዳች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ገና ደረጃው ላይ ሳለን ሁለት እትዬዎች መጥተው አቀፉኝ፤ አንደኛዋ ወደ እናቴ ዞራ «ልጅሽ ዳኛ ሆነች አሉ!» አለች። እናቴን አየኋት። ነጠላዋን እያስተካከለች ሌላ ቦታ ታያለች።

በሙያዬ የተሳሳተ ትርጉም ሰምቼ ዝም ብዬ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ዝም አልኩ።