ፈቃድ መጠየቅ

ደሴ ተቀምጬ አዲስ አበባ ላለ አንድ አማካሪ ድርጅት የሕንፃ ንድፍ መሥራት ከጀመርሁ ወዲህ ከአለቃዬ ጋር የተቀያየምሁት አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ምክንያቱም ንድፉ ሳይሆን አላላኩ ነበር። ለፋይል ማስቀመጫ ገንዘብ ይከፈል ብዬ ሳመለክት «ነጻው እያለ?» ስላሉ ሥራዬን ዊትራንስፈር በሚባለው የፋይል መላኪያ ድረ ገጽ እልክ ነበር። ያን ጊዜ እስከ 2 ጊጋባይት በነጻ ይቀበልና ከ7 ቀን በኋላ ፋይሉን ያጠፋው ነበር። እርሳቸው ሊንኩን በ9ኛው ቀን ከፈቱትና «ባዶ ነው የላክኸው» አሉኝ። ቴሌግራምን ደግሞ የወሬ ቦታ ነው ብለው ለቢሮ ሥራ ከልክለውታል።

ኔትወርኩ የሚሻለው ሌሊት በመሆኑ እስከ 8 ሰዓት ቁጭ ብዬ ንድፉን ጎግል ድራይቭ ላይ ጫንሁና ሊንኩን በኢሜይል ላክሁላቸው። ጠዋት ደወሉ።

«ፈቃድ ጠይቅ ይለኛል እኮ!»

«ይጫኑት ኢንጂነር፤ ወዲያው እፈቅድልዎታለሁ።»

ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። «እኔ ነኝ አንተን ፈቃድ የምጠይቅ?» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ሊንኩን ላገኘው ሰው ሁሉ ክፍት ማድረግ የረሳሁት እኔ ነኝ፤ ለማስተካከልም ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ነጻው ይበቃል ያሉት ሰው የሚልኩትን ጥያቄ በዓይኔ ለማየት ስለ ጓጓሁ፣ ቡናዬን እየጠጣሁ መጠበቅን መረጥሁ። እስከ ቀትር ምንም አልመጣም። ኩራታቸው አላስችል ብሏቸው ነው እያልሁ በሆዴ ስስቅ እንደገና ደወሉ።

«ሦስት ጊዜ ጠይቄህ ዝም ትለኛለህ?»

ለካስ ጎግል በነጻ የሚሰጠውን 15 ጊጋባይት ቦታ ድራይቩ፣ ኢሜይሉና የፎቶ ማስቀመጫው የሚጋሩት ኖሯል። ንድፉ ከገባ በኋላ የተረፈችውን ቦታ ስልኬ በራሱ ጊዜ የጫነው የእህቴ ልጅ የሠርግ ቪዲዮ ጨርሷት፣ ቦታው ሲሞላ ኢሜይል መቀበል የሚያቆመው ጂሜይል የአለቃዬን ልመና ሦስቴ መልሶታል። ይህን ላስረዳ ስጀምር አቋረጡኝ።

«አሁን እከፍትልዎታለሁ፣ ኢንጂነር» አልሁ።

«ፈቃድህ ይቅርብኝ፤ በፍላሽ አድርገህ በሰው ላከው።»

ስለዚህ በማግሥቱ ሳይነጋ መናኸሪያ ወረድሁ። ዕቃ ሊያመጣ መርካቶ የሚሄድ ጎረቤቴ «አብሽር» ብሎ ፍላሿን ደረት ኪሱ ከተታት፤ እርሷም የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ፣ በጣርማ በር ዋሻ አልፋ፣ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ በዚያው ቀን ደረሰች። በሳምንቱ ስብሰባ ላይ አለቃችን ስለ ፋይል አላላክ ሰፊ ማብራሪያ እንደ ሰጡ ሰማሁ። ባለ 32 ጊጋባይቷ ፍላሼ ግን እስካሁን እርሳቸው ዘንድ ነች፤ እኔም ትመለስልኝ ብዬ ለመጠየቅ አልደፈርሁም።