እስከ አንጓ ሰማያዊ

ዛሬ ሰሜን ቬትናም፣ ሳፓ ከተማ አጠገብ ባለ የህሞንግ ብሔረሰብ መንደር ከአንዲት እናት ጋር በሻርፕ ዋጋ ተከራከርን። የልጅ ልጃቸው የምትመስል ልጅ በስልኳ ካልኩሌተር ታደራድረናለች። እሳቸው ግን ሥራ አላቆሙም። የሄምፕ ልጥ (ከካናቢስ ወገን ነው፣ የሚጨስ አይደለም) ክር እንዲሆን ጫፍ ለጫፍ እያሹ ያያይዛሉ። ሴቶቹ መንገድ ሲሄዱም ይሄንኑ ነው የሚሠሩት።

ዓይኔ እጃቸው ላይ ቀረ። እስከ አንጓቸው ሰማያዊ ነው። ጥፍራቸው ሥርማ ሊጠቁር ምንም አልቀረውም። ከቅጠል የሚወጣው የኢንዲጎ ቀለም ነው። ጨርቁ ይነከራል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይነከራል፤ ቀናት ይፈጃል። ከመነከሩ በፊት ጫፉ መዳብ በሆነ ብዕር የቀለጠ ሰም ይሳልበታል። በኋላ በፈላ ውሃ ሰሙ ሲለቅ፣ ሥዕሉ ነጭ ሆኖ ይወጣል።

ሄምፕ ለአዘቦት ልብስ ብቻ አይደለም። ሟችም የሚሸኘው በሄምፕ ልብስ ነው። አለዚያ ቀድመው የሄዱት ዘመዶቹ አያውቁትም ተብሎ ይታመናል።

ታዲያ እዚያው ጎን ያለው ሱቅ ያንኑ ጥለት በፋብሪካ ታትሞ በርካሽ ይሸጣል። ከሩቅ ማን ይለየዋል? ሽሮ ሜዳም እኮ ይሄው ነው። የሸማኔው ጥበብና ከውጭ ታትሞ የመጣው ጎን ለጎን ተሰቅለዋል፤ እኛ ደግሞ የሸማኔውን «ተወደደ» እንላለን። ርካሹን መሸጥ ነውር የለውም። ግን ሻጩ «ይሄ የእጅ፣ ይሄ የፋብሪካ» ብሎ ቢለይልን ምን ይጎዳዋል?