ጀበናው ሳይፈላ

ጤና መኮንን ነኝ፤ ደምበጫ አካባቢ በምትገኝ አንዲት ጤና ጣቢያ እሠራለሁ። የገበያ ዕለት ጉልበቱን እያሻሸ የሚገባው ታካሚ ይበዛል። ዕድሜ ልኩን ጤፍ ሲያርም የኖረ፣ ዳገት ለዳገት ሸክም ያመላለሰ ሰው ነው። በሽታውን ቀድሞ ሰይሞት ይመጣል፦ ብርድ፣ ቁርጥማት፣ ሪህ። ከዚያ «ራጅ ጻፍልኝ» ይላል።

ባለፈው ሳምንት የመጡት እማሆይ ግን ራጅ አልጠየቁም። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው «ቀኙ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ልጄ» አሉ። እኔም የጠዋቱን የመገጣጠሚያ መተሳሰር በደቂቃ መጠየቅ ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ሰዓት ለማያስር ሰው ደቂቃ ምኑ ነው?

«ሲነሱ ጉልበትዎ እስኪፍታታ ድረስ ምን ሠርተው ይጨርሳሉ?» አልኳቸው።

«ምን እሠራለሁ! እሳት አያይዤ ጀበናው ሳይፈላ ይለቀኛል። የሚብሰውስ ወደ ማታ፣ ዳገቱን ወጥቼ ስመለስ ነው።»

ለእኔ ግማሹ ምርመራ እዚህ ላይ አለቀ። ዕድሜው ከ45 ያለፈ፣ ሲንቀሳቀስ የሚያመው፣ የጠዋቱ መተሳሰር ከ30 ደቂቃ የማይዘልቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ልም አጥንቱ ተበልቷል፤ ኦስቲዮአርትራይተስ የምንለው ይህ ነው። በረካው ተጠጥቶም ጣቶች አልታጠፍ ካሉ ግን ሩማቶይድን፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበትን በሽታ፣ እጠረጥራለሁ።

ጉልበታቸውን በመዳፌ ሸፍኜ እንዲያጥፉት፣ እንዲዘረጉት ጠየቅኳቸው። ከመዳፌ ሥር ቆሎ የሚቆረጠም ይመስል ነበር። ዳሩ ጠጥሮ አብጧል፤ ሙቀት ግን የለውም። የጣቶቻቸው የመጨረሻ አንጓዎችም አተር አተር አክለዋል። ድንገት አብጦ የጋለ ጉልበት፣ በተለይ ትኩሳት ካለው፣ የዚያኑ ዕለት ወደ ሆስፒታል እልከው ነበር።

ራጅ ላይ ቁጥብ የሆንኩት ተምሬበት ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ አዛውንት ገበሬ ለራጅ ደብረ ማርቆስ ድረስ ላክኳቸው። በግ ሸጠው ሄዱ። ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንስቼ ሳየው የአጥንቶቹ ክፍተት ይበልጥ የጠበበው፣ ዳር ዳሩም አጥንት ያበቀለው የግራው ጉልበት ነው። እሳቸውን የሚያማቸው ቀኙ! «ታዲያ ይኸኛው ስለምን ዝም አለ?» አሉኝ። እኔም ዝም አልኩ። ኬልግሬንና ሎውረንስ የተባሉ ሐኪሞች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 ለዚህ ራጅ ከ0 እስከ 4 ደረጃ አውጥተውለታል። ደረጃው ግን የአጥንቱን መልክ እንጂ የሕመሙን ልክ አይናገርም። ለአዛውንቱ የምሰጣቸው ምክር በጉ ባይሸጥም ያው ነበር።

ለእማሆይ የጭን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አሳየኋቸው፤ የሚቀባ ማስታገሻም ጻፍኩላቸው። ተነስተው መቋሚያቸውን ካነሱ በኋላ ዞር አሉ።

«ስግደቱስ?»

«እሱንማ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ።»

«ወደ አንተ የላኩኝ እኮ እሳቸው ናቸው።»