ከቱሉ ዲምቱ እስከ ዴጆን፣ ለአራስ ጥየቃ

ቱሉ ዲምቱ የሚኖር ሰው ውጭ አገር ከመሄዱ በፊት መጀመሪያ ቦሌ መድረስ አለበት። ከባዱም እሱ ነው። ማታ የጠራነው ባለ ታክሲ ሻንጣዎቻችንን አየና፣ ስልኩ ላይ የወጣውን ሂሳብ ወደ ጎን ትቶ 1,800 ብር አለ። “ባዶዬን እኮ ነው እዚህ ድረስ የመጣሁት” ነው ምክንያቱ። እማዬ “ልጄ፣ በዚህ ብር አዳማ ደርሰን እንመለስ ነበር” አለችው። የፍጥነት መንገዱ የሚጀምረው አፍንጫችን ሥር ስለሆነ እማዬ ርቀትን ሁሉ የምትለካው በአዳማ ነው። ከፈልን። ምን እናድርግ።

የምንሄደው ታናሽ እህቴ ወልዳ ነው። ባሏ ደቡብ ኮሪያ፣ ዴጆን የምትባል ከተማ ውስጥ ዶክትሬቱን እየሠራ ነው። ትልቋ ልጃቸው ስድስተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ አሁን ደግሞ ወንድ ልጅ መጣ። የገብስ ዱቄት፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ፣ ቡና፣ እንዲሁም ሙቀጫ ከነዘነዘናው ይዘናል። ቋንጣው በመጨረሻ ሰዓት ከሻንጣ ወጣ፤ ሥጋ ይዞ ኮሪያ መግባት እንደማይቻል እህቴ ደውላ ነገረችን። እማዬ ኢንቺዮን እስክናርፍ ስለ ቋንጣው ስታወራ በረራው አለቀ። ከዚያ ዴጆን በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ተኝቼ ስለነበር መንገዱን አላየሁትም።

የመጀመሪያውን ሌሊት ግን አልረሳውም። ኅዳር ነው፣ ውጭው ከዜሮ በታች። የኮሪያ ቤት የሚሞቀው በወለሉ ነው፤ ከሥሩ በተዘረጋ ቱቦ ሙቅ ውሃ ይዞርበታል። ፍራሽ መሬት ላይ ተነጠፈልን። እህቴ እንዳይበርደን ብላ ሙቀቱን ከፍ አድርጋዋለች። እኩለ ሌሊት ላይ እማዬ “ምጣድ ላይ አስተኛችሁኝ!” ብላ ብድግ አለች። መስኮቱን በረገደችው። እኔ ከጀርባዬ ስጠበስ፣ ከፊቴ ስቀዘቅዝ ነጋ። ጠዋት ወለሉን በመዳፏ እየዳበሰች ቆየችና “እዚህ ላይ ሊጥ ቢቀመጥስ?” አለች። እህቴ ቆጥባ ያስቀመጠቻት ጤፍ ተቦካች። ቱሉ ዲምቱ በክረምት እንቢ የሚል ሊጥ እዚያ ወዲያው ኩፍ አለ።

የእማዬ የእጅ ሰዓትም አስቆናል። ሁላችንም ሰዓት ስናስተካክል እሷ ንክች አላደረገችም። ለካ ትክክል ነበረች! ኮሪያ ከእኛ በ6 ሰዓት ትቀድማለች፤ የሐበሻ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ሰዓት ይለያል። ስለዚህ ቱሉ ዲምቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲል፣ ዴጆንም ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ይላል። እማዬ ለጎረቤታችን ደወለች።

“ስንት ሰዓት ነው እዛ?”

“አንድ።”

“እዚህም አንድ ነው። ታዲያ ምኑ ነው ሩቅ?”

ጎረቤታችን ቁርስ እያቀረበች ነው። እኛ የምሳ ዕቃ እያጠብን።

ኮሪያ ውስጥ ለወለደች ሴት የሚቀርበው የባሕር አረም ሾርባ ነው። እህቴ ሆስፒታል ሳለች በየማዕዱ ሲሰጧት ነበር። ሰው በልደቱ ቀንም ይኼንኑ ይበላል። እማዬ ቀምሳ “ጨው የበዛበት ጎመን” አለችና ወደ ገንፎዋ ተመለሰች። ብዙዎቹ የኮሪያ እናቶች ከሆስፒታል እንደወጡ ወደ አራስ ማረፊያ ይገባሉ፤ ሁለት ሳምንት ያህል እናትና ልጁን ባለሙያ ይንከባከባቸዋል። ክፍያው በሚሊዮን ዎን ነው የሚቆጠረው። የእህቴ ባል ቁጭ ብሎ ቢያሰላው የእማዬ የአውሮፕላን ቲኬት ረከሰ። ይህን እሷ ፊት መናገር አልነበረበትም።

ሕፃን እንደ ልብ የሚታይበት አገር አይደለም። በፈረንጆች 2023 አንዲት ኮሪያዊት በዕድሜዋ ትወልዳለች ተብሎ የሚሰላው የልጅ ቁጥር 0.72 ነበር፤ አንድ እንኳ አይሞላም። የሕፃን ጋሪ ግን ሞልቷል። አንድ ቀን መናፈሻ ውስጥ አንዲት ወጣት ጋሪ ስትገፋ እማዬ አየችና ጠጋ አለች። “እሰይ፣ እሰይ! ዕድሜና ጤና ይስጥልሽ፤ ለቁም ነገር ያብቃልሽ!” ሽፋኑ ሲገለጥ ሹራብ የለበሰ ነጭ ውሻ ነው። ልጅቷ ቃሉ ባይገባትም ደስ ብሏት ደጋግማ እጅ ነሣች። እማዬ ቤት እስክንገባ ትንፍሽ አላለችም። ጫማዋን እያወለቀች “ምርቃት ይመለሳል እንዴ?” አለችኝ።

የቆሻሻው ነገር እኔን አስደሰተኝ፣ እሷን አናደዳት። ወረቀት ለብቻ፣ ፕላስቲክ ለብቻ፣ ጠርሙስ ለብቻ ነው። የተረፈ ምግብ የሚጣለው ግቢ ውስጥ ባለ ማሽን ነው። ካርድ ሲያስነኩት ክዳኑ ይከፈታል፤ የተጣለውን መዝኖ በኪሎ ያስከፍላል። እኔ እንዲህ ያለ ሥርዓት ነፍሴ ነው። የኛ ብሎክ ደረጃ ሥር የተከመረውን ማዳበሪያ እያሰብኩ፣ ማታ ማታ ቆሻሻ ይዤ መውረድን ማንም አይቀድመኝም ነበር። እማዬ የምታውቀው ግን ቆራሌው ብር ከፍሎ ሲወስድ ነው። “ሰጥተናቸው ደግሞ እንከፍላለን?” አለች። ከዚያ በኋላ ምግብ እንዲተርፍ አልፈቀደችም። የተጎዳው የእህቴ ባል ነው፤ ቀበቶው ጠበበው።

ጠቡ የመጣው በሙቀጫው ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እማዬ ቡና ቆልታ መውቀጥ ጀመረች። ትንሽ ቆይቶ ከሳሎኑ ግድግዳ ውስጥ የሰው ድምፅ ወጣ። እማዬ አማተበች። የግቢው አስተዳደር ማስታወቂያ የሚያሰማበት ድምፅ ማጉያ በየቤቱ ተተክሏል። የእህቴ ልጅ አዳምጣ “ፎቅ ለፎቅ የሚሰማ ድምፅ ቀንሱ ይላሉ” አለችን። ስም አልጠሩም፤ ግን ሁላችንም ዘነዘናውን አየነው። በዚያ አገር ጎረቤትና ጎረቤት በወለል ድምፅ እስከ ፍርድ ቤት ይደርሳል። ቱሉ ዲምቱ የዘነዘና ድምፅ ሲሰማ ሰው ነጠላውን ጣል አድርጎ ይመጣል። እኔ ግን፣ እማዬ እንዳትሰማኝ እንጂ፣ ለታችኛዋ ጎረቤት ፈርጄላታለሁ። ቅዳሜ ጠዋት መተኛት እወዳለሁ። ሰፈራችን ደግሞ አያስተኛም።

እማዬ አኮረፈች። የእህቴ ልጅ እጇን ይዛ ምድር ቤት ወዳለው የአዛውንቶች ክፍል ወሰደቻት። አሮጊቶች ሞቃት ወለል ላይ ተቀምጠው ካርታ የሚጫወቱበት ክፍል ነው። እማዬ የገባችው ሕፃኑን በአንቀልባ አዝላ ነበር። ክፍሉ ተንጫጫ። እነሱም በጊዜያቸው ልጅ በጨርቅ አዝለው ያሳደጉ ናቸው፤ የዛሬዎቹ እናቶች በደረት ነው የሚይዙት። አንዷ ተነሥታ ቋጠሮውን አጠባበቀችላት፣ ሌላዋ መንደሪን በሁለት እጇ ሰጠቻት። እማዬም በሁለት እጇ ተቀበለች። ማታ “ያደጉ ሰዎች ናቸው” አለችን።

እዚያ ገና ከመቀመጧ ዕድሜዋን ጠየቋት። ማን ታላቅ፣ ማን ታናሽ እንደሆነ ሳይታወቅ ወሬው አይጀመርም። እማዬ ፓስፖርቷ ላይ ያለውን ነገረቻቸው፤ እሱም ቀበሌ በግምት የጻፈላት ነው። ከዚያ አንዷ “ሕፃኑ ሁለት ዓመቱ ነው” ብላ ድርቅ አለች። በድሮው አቆጣጠራቸው ልጅ ሲወለድ አንድ ይላል፤ የፈረንጆች አዲስ ዓመት ሲገባ ሁለት። መንግሥት ይህን በ2023 በሕግ አስቀርቶታል። ለሴትዮዋ ግን ማን ይንገራት? ጥር ላይ ስለነበርን ጥርስ ያላበቀለው ልጅ ሁለት ዓመት ሞላው።

በማግስቱ ሙቀጫው ወደ አዛውንቶቹ ክፍል ወረደ። አሮጊቶቹ እየተቀባበሉ ወቀጡ፤ ማንም ድምፅ ቀንሱ አላለም። እነሱ የለመዱት ከወተትና ከስኳር ጋር ተቀላቅሎ በትንንሽ ከረጢት የሚሸጠውን ቡና ነው። አቦሉን ፊታቸውን አጨማደው ጠጡት። ለቶናው ስኳር አስጨመሩ። ከዚያ ወዲህ በራችን ላይ ማን እንዳስቀመጠው የማናውቀው ኪምቺ፣ በበርበሬ የቦካ ጎመናቸው፣ መገኘት ጀመረ። እኔ ከነሽታው ወደድኩት፤ እማዬ ለበርበሬው ብቻ ነው ክብር የሰጠችው።

በጸደይ ቹንቾን ሄደን የቃኘውን መታሰቢያ አየን። በኮሪያ ጦርነት ከዘመቱት 6,037 ወታደሮቻችን አንድም ሰው እንዳልተማረከ ከሕፃንነታችን የሰማነው ነው። የመታሰቢያው አዳራሽ በጎጆ ቤት ቅርጽ ተሠርቷል። አጠገቡ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከተማውን በጎበኙበት በፈረንጆች 1968 የተከፈተ “ኢትዮጵያ” የሚል ስም ያለው ቡና ቤት አለ። ይርጋጨፌ ጠጣን። ዋጋውን ለእማዬ አልነገርናትም።

መመለሱ ቀላል ነበር፤ ሻንጣዎቹን ያለ ሊፍት አራተኛ ፎቅ ማውጣቱ እንጂ። ውሃ ፈረቃችን ስላልነበረ በርሜሉ ውስጥ በቀረው ታጠብን። እኔ ለብሎካችን ቆሻሻ እንለይ የሚል ሐሳብ ስብሰባ ላይ አቅርቤ ተሳቀብኝ።

ልጁ ዓመት ሲሞላው በቪዲዮ ጠሩን። ኔትወርኩ የሚሻለው በረንዳ ላይ ስለሆነ ጎረቤቱ ሁሉ እዚያው ተደረደረ። የኮሪያ ልጅ በመጀመሪያ ልደቱ ፊቱ ዕቃ ይደረደርለታል፤ ያነሣው ነገር የወደፊቱን ያሳያል ይባላል። ክር ዕድሜ ነው፣ እርሳስ ትምህርት፣ ብር ያው ብር ነው። እማዬ ስልኩን ነጥቃ “ብሩን! ብሩን አንሣ የኔ ጌታ!” እያለች ጮኸች። ልጁ ወደ ክሩ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እርሳሱን ያዘ። እዚያ ሁሉም አጨበጨበ። እማዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እህቴን “ብሩንም በሌላኛው እጁ አስይዢው፤ ማን ያያል” አለቻት።