በማስክ ያጠባሁት ልጅ

ምጤ የመጣው ሚያዝያ 2013 ነው፤ ኮሮና እንደገና ባገረሸበት ሰሞን። ሆስፒታል ስደርስ ተመረመርኩ፣ ፖዘቲቭ ተባልኩ። ወንድ ልጅ ወለድኩ። ገና በቅጡ ሳላየው ጠቅልለው ሊወስዱት ተነሡ። «ኔጌቲቭ እስክትሆኚ ለብቻው ይቆያል» አለች አንዷ። ባለቤቴን የቆርቆሮ ወተት ግዛ አሉት።

ለመከራከር ጉልበት አልነበረኝም። «ሲስተር፣ መመሪያው እንደዚህ ነው የሚለው?» ብቻ አልኩ። አዋላጇ ዝም አለች። ወጥታ ሐኪሙን አማክራ ተመለሰች። ለካ የዓለም ጤና ድርጅት ገና በ2012 አትለያዩአቸው ብሏል፤ እናትየዋ ማስክ ታድርግ፣ እጇን ትታጠብ፣ ጡቷን ትስጠው። ልጄን ደረቴ ላይ አስተኛችውና «በይ የኔ እናት፣ እንገሩ አይለፈው» አለችኝ።

መከራው ከዚያ በኋላ ነው። አራስ ልጅ በቀን ስምንት፣ አሥር ጊዜ ይጠባል። ባነሣሁት ቁጥር በሳሙና ሃያ ሰከንድ መታጠብ ነው። በሦስተኛው ቀን የእጄ ቆዳ ተሰነጣጠቀ። ጡቴን ግን ካልሳልኩበት በየጊዜው ማጠብ አያስፈልግም አሉኝ። (አልኮል ልቀባው ነበር፣ አትሳቁብኝ።) ማስኩ በትንፋሽ ቶሎ ይረጥባል፤ ትርፍ በደንብ ያዙ። ለሕፃኑ ግን ማስክ አይደረግም፣ ያፍነዋል። ትኩሳቱ ያደከመኝ ሌሊት ጡቴን አልቤ ባለቤቴ በንጹሕ ስኒ አጠጣው። ከጡጦ የተሻለ ነው፣ ለማጠብም አያስቸግርም።

የሚቆጨኝ ቀድሜ አለመጠየቄ ነው። ስንት ወር ክትትል ስመላለስ «ቢይዘኝስ?» አላልኩም። እናንተ ጠይቁ። ደግሞ ሁሉም ሕመም አንድ አይደለም፤ ለምሳሌ ጡት ላይ ሄርፒስ የሚባለው ቫይረስ የሚያመጣው ቁስል ከወጣ በዚያ ጡት አይጠባም። ስለራሳችሁ ሕመም ሐኪማችሁን አስረዱኝ በሉት።

አፍንጫዬ ግን ሥራ አቁሞ ነበር። ሰው ሁሉ ስለ አራስ ልጅ ጠረን ያወራል፣ እኔ አናቱን ብስመው ምንም የለም። ቤት ከገባን በኋላ እናቴ በየጠዋቱ አጥሚት በፔርሙዝ በር ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች። ከግቢ ወጥታ ትደውላለች። «ማሩ በዛ እንዴ ልጄ?» «ልክ ነው እማዬ» እላታለሁ፣ ጣዕሙን ሳላውቀው። አንድ ጠዋት ክዳኑን ስከፍት የቅቤው ሽታ ጥርት ብሎ መጣ። ፔርሙዙን መሬት ላይ ትቼ ወደ ልጁ ሮጥኩ።