ጎመን ሙያው አከታተፉ ላይ ነው

አትላንታ ውስጥ ኮላርድ የማይሸጥ ሱቅ ማግኘት ይከብዳል። ሰፊ፣ ወፈር ያለ፣ ሰም የተቀባ የሚመስል ቅጠል ነው፤ በእስር በእስር ይሸጣል። እዚህ አገር ያለን አበሾች ጎመን ብለን የምንሠራው በአብዛኛው እሱን ነው፤ ምግብ ቤቶቻችንም በያይነቱ ላይ የሚያወጡት እሱኑ ነው። የአገር ቤቱ የአበሻ ጎመን ግን አይደለም። የአበሻ ጎመን ከጥቁር ሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ወገን ተዳቅሎ የተገኘ፣ ቅጠሉ ለስለስ ያለ፣ ጣዕሙ ትንሽ የሚሰነፍጥ ዘር ነው። ኮላርድ ደግሞ ከጥቅል ጎመን፣ ከአበባ ጎመንና ኬል ከሚባለው ቅጠል ጋር ዝርያው አንድ ነው። ባሕርዩ ከተለየ አሠራሩንም ከሚያውቁት ልማር ብዬ፣ ይህን ቅጠል የሚወዱ ሕዝቦች እንዴት እንደሚያበስሉት እየጠየቅሁና እየሞከርሁ ቆይቻለሁ።

(እግረ መንገዴን፦ የአበሻ ጎመን እዚሁ ጆርጂያና ፍሎሪዳ ውስጥ በብርዱ ወራት ይዘራል፤ ለወጥ ግን አይደለም። ከዘሩ የሚወጣው ዘይት የአውሮፕላን ነዳጅ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2018 ኳንታስ የሚባለው የአውስትራሊያ አየር መንገድ አንድ አውሮፕላን ከሎስ አንጀለስ ወደ ሜልበርን ሲበር ከነዳጁ 10 በመቶው ከዚህ ዘር የመጣ ነበር። እናቶቻችን ምጣድ የሚያስሱበት ጎመን ዘር! ይህን ባነበብኩ ቀን ለቤተሰቡ ሁሉ ስልክ ደውያለሁ።)

የጀመርኩት ከጎረቤቴ ነው፤ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው፣ በዕድሜ እናቴን ያህላሉ። እሳቸው ዘንድ ሥራው የሚጀመረው ከቅጠሉ ሳይሆን ከመረቁ ነው። ተርኪ የሚባለው ትልቅ የፈረንጅ ወፍ የታጨሰ አንገት ከሽንኩርትና ከደረቅ በርበሬ ጋር አንድ ሰዓት ያህል ይፈላል፤ ብዙዎች የታጨሰ የአሳማ እግር ይጠቀማሉ፣ እኛ ቤት ግን አይገባም። ከዚያ ሰፋ ሰፋ ተደርጎ የተቆረጠው ቅጠል ይጨመርና በዝግታ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ገደማ ይበስላል። ኮምጣጤ ጠብ የሚደረገው መጨረሻ ላይ ነው። መረቁ አይደፋም፤ ፖት ሊከር ይሉታል፣ በበቆሎ ዳቦ እየተጠቀሰ ይበላል። ይህን አበሳሰል ያቆዩት በባርነት የኖሩ ጥቁሮች ናቸው፤ ዛሬ ኮላርድ የደቡብ ካሮላይና ይፋዊ አትክልት ነው፣ በሕግ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በፈረንጆች አዲስ ዓመትም ከአተር መሰሉ ጥቁር ዓይን ባቄላ ጋር ይቀርባል፣ ገንዘብ ይስባል ተብሎ።

ቀጥሎ የብራዚሎቹን ሞከርሁ፤ ዓይኔን የከፈተልኝም እሱ ነው። ሚናስ ዠራይስ በሚባለው የብራዚል ግዛት አሠራር መሀል ያለው ወፍራሙ አገዳ ይወጣና ቅጠሎቹ ይደራረባሉ፤ እንደ ሲጋር ጥብቅ ተደርገው ይጠቀለላሉ፤ ከዚያ በሰላ ቢላዋ ክር ክር እስኪሆኑ ይከተፋሉ። እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም፤ ውፍረቱ ከክብሪት እንጨት ካለፈ ነገሩ ሌላ ይሆናል። መጥበሻው በደንብ ሲግል ዘይትና ነጭ ሽንኩርት፣ ሽታው ብቅ እንዳለ ጎመኑ፣ ማገላበጥ፣ ጨው፣ ማውረድ። ከሁለት ደቂቃ አያልፍም። ቅጠሉ ድምቅ ያለ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሲታኘክ ይለሰልሳል እንጂ አይጎረብጥም። ፌይጆአዳ ከሚባለው የጥቁር ባቄላና የሥጋ ወጥ ጎን ነው የሚቀርበው።

እንግዲህ ያው አንድ ቅጠል ነው፤ ጎረቤቴ ድስት ውስጥ አንድ ሰዓት፣ እዚህ ሁለት ደቂቃ። ልዩነቱ ያለው ቢላዋው ላይ ነው። ኮላርድን የሚያጠነክረው በርዝመቱ የተዘረጋው ጭረት ነው፤ አግድም በቀጭኑ ሲቆረጥ ጥርስ የሚይዘው ረጅም ጭረት አይቀርም፣ እሳቱም የሚሠራው ሥራ ያንሳል። ስለዚህ አሁን ስንት ደቂቃ ላብስለው ብዬ ከመጠየቄ በፊት በምን ያህል ውፍረት ልክተፈው ብዬ ነው የምወስነው።

የካሽሚር ሰዎች ደግሞ ሃክ የሚሉትን ጎመን ቅጠሉን ሳይከትፉ ያበስላሉ። የሰናፍጭ ዘይት ይግላል፣ ሂንግ የሚባለው ኃይለኛ ሽታ ያለው ቅመምና ሙሉ ቃሪያ ይገባል፣ ውኃው ሲፈላ ቅጠሉ ይጨመራል፤ ከነመረቁ በሩዝ ይበላል። ከእነሱ የወሰድኩት ድስቱን አለመክደን ነው። ጎመን ሲፈላ ከውስጡ አሲድ ይወጣል፤ ክዳን ካለ ተመልሶ ይወርድና አረንጓዴውን ወደ ቡናማ ይለውጠዋል። ሎሚና ኮምጣጤም የሚያደርጉት ያንኑ ስለሆነ ሁልጊዜ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው የምጨምራቸው።

ይህን ሁሉ ይዤ የራሳችንን ጎመን እንዲህ እሠራለሁ። አጠባው ላይ ቅጠሉን ውኃ በሞላ ገንዳ ውስጥ አርሼ ወደ ላይ እያነሳሁ አወጣለሁ፤ ውኃውን ከነቅጠሉ ከደፉት አሸዋው ተመልሶ ይቀመጥበታል። አገዳውን አልጥልም፤ ደቅቆ ተከትፎ ከሽንኩርቱ ጋር አብሮ ይቁላላል። ከዚያ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ቀጥሎ በቀጭኑ የተከተፈው ቅጠል ከታጠበበት እርጥበት ጋር። ሌላ ውኃ አልጨምርም። ሃያ ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ቃሪያና ኮረሪማ መጨረሻ ላይ፣ የፍስክ ቀን ከሆነ ንጥር ቅቤ። ቆስጣና ስፒናች ለዚህ አይሆኑም፤ ብዙ ውኃ ያወጣሉ፣ አምስት ደቂቃም አይፈጅባቸውም።

ጎመን በጤና ይባላል፤ ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ አባትና እናት ያላችሁ ግን ይህን ልብ በሉ። ኮላርድ ቫይታሚን ኬ በብዛት አለው፤ ቫይታሚኑም የመድኃኒቱን ሥራ ይቃረናል። ዋናው ነገር በድንገት ማብዛትም መተውም አለመኖሩ ነው፤ ሐኪማቸውን ጠይቁላቸው።

ለጎመን ክትፎ ውርጭ የመታውን ኮላርድ እጠብቃለሁ፤ ብርድ ሲነካው ስኳር ስለሚያጠራቅም ይጣፍጣል። እንደ ካሽሚሮቹ ክፍት ድስት ውስጥ በሚፈላ ውኃ እቀቅለውና በንጹሕ ጨርቅ ጠምዝዤ ጠብ የሚል እስኪያጣ እጨምቀዋለሁ። ከዚያ አድቅቄ ከትፌ በለብታ ንጥር ቅቤና በሚጥሚጣ አሸዋለሁ፤ አይብ ከጎን። ቆጮ እዚህ የሚገኘው በረዶ ሆኖ ነው፤ ምጣድ ላይ በደንብ ሲሞቅ ግን ያገለግላል። የተቀቀለበትን ውኃ ጎረቤቴ ስላስተማሩኝ አልደፋውም፣ በማግስቱ ምስር እሠራበታለሁ።